ሳይለያዩ የቀሩ ጥንዶች

ልጆቼ ከእኔ ጋር ገበያ መሄድ አይወዱም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሽንኩርት ልመርጥ ጎንበስ ስል አንዷ እናት ክንዴን ትይዘኛለች፤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሌላዋ አጠገቤ ትቀመጥና ጆሮዬ ሥር ታንሾካሹካለች። የወር አበባዋ የቀረባት፣ ፅንስ አልቆይ ያላት፣ ልጇ አንገቱን ማቅናት የዘገየባት፣ ሁሉም ባገኘችኝ ቦታ ላይ ታማክረኛለች። ጡረታ ስወጣ ይቀንሳል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ጨመረ። ሥራ ላይ ሳለሁ ቢያንስ ተራ ይጠብቁ ነበር።

የተሸኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። ባልደረቦቼ ጥሩ አድርገው ሸኙኝ፣ ንግግር ተደረገ፣ ያዋለድኳቸውን ልጆች ብዛት ጠቅሰው አመሰገኑኝ። ቁጥሩን እኔ አላውቀውም፣ እነሱም ከየት እንዳመጡት እንጃ። የአዋላጅ ነርስ ደመወዝ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ስለሌለ እሱን እዘለዋለሁ። እኔ በሥራ ዘመኔ የምኮራበት ነገር ከማዋለዱ በኋላ የሚመጣው ነው። ልጇን አቅፋ «ምን አድርጌ ነው?» ብላ ለምትጠይቀኝ እናት መልስ አለኝ። ያንን መልስ በደንብ መናገር እስክችል የአገልግሎቴን ግማሽ ፈጅቶብኛል።

የተወለድኩት ደብረ ሲና፣ ጉምና ብርድ ውስጥ ነው። ተመርቄ ሸዋ ሮቢት ስመደብ እናቴ «ቆላ ልትወርድብኝ ነው» ብላ እንደ ሐዘንተኛ ነበር የሸኘችኝ። ከቤት የለበስኩትን ሹራብ ቁልቁለቱን ሳንጨርስ አወለቅኩት። የማዋለጃ ክፍላችን ጣሪያ ቆርቆሮ ስለነበር በበጋ ወራት ጓንት ሳወልቅ ላቡ ከጣቶቼ ጫፍ ይንጠባጠባል። የሚመጡት እናቶች አብዛኞቹ ከቀወት ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ነበሩ፤ ማሽላና ማሾ የሚዘሩ፣ ሰላምታቸው አልሐምዱሊላህ የማያልቅበት ሙስሊሞች። እኔ ደገኛዋ ክርስቲያን ብዙውን ነገር ከእነሱ ለመድኩ።

ሥራውን ግን የለመድኩት ከሲስተር አረጋሽ ነው። ሲስተር አረጋሽ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ድምፃቸው ከመጋረጃው ወዲያ የማይሰማ። ትምህርት ቤት ማዋለድ አስተምሮኛል፤ የተወለደውን ልጅ ማየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጤነኛ ሆኖ ክፍሉን በጩኸት የሚያናውጠውንም ልጅ ቢሆን ሳያዩ አይሰዱም። አነስተኛ በርጩማ ነበረቻቸው። እሷን ስበው እናቲቱ አልጋ አጠገብ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው ሁልጊዜ ከእናቲቱ ፊት በታች ነው። የልብ ማዳመጫውን ብረት መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ያሞቁታል። ከዚያ «ማን ልትሉት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሙስሊሞቹ ስም የሚያወጡት ከቀናት በኋላ ስለሆነ «እስከዚያ እኔ ማን ልበለው?» ይላሉ፤ እናቲቱ ሳቅ ብላ አንድ ስም ትሰጣቸዋለች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁ በስሙ ነው የሚጠራው።

ሲመረምሩ ከራስ ቅል ይጀምሩና ተረከዝ ላይ ይጨርሳሉ። ቅደም ተከተሉን አይቀይሩም። ግን ከሁሉም በፊት ልጁን በሆዱ መዳፋቸው ላይ ያስተኙታል። «ፊቱን ለማየት አትቸኩይ፤ መጀመሪያ በእጅሽ ስሚው» ይሉኝ ነበር። ጤነኛ አራስ መዳፍ ላይ ሲተኛ እጅና እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፣ አንገቱን ለማንሳት ይታገላል። አንዳንዱ ግን እንደታጠበ ጨርቅ በሁለቱም ወገን ይንጠለጠላል። ያኔ ነው ዓይኑን የሚያዩት፤ ወደ ላይ ሸርተት ያለ እንደሆነ፣ ውስጠኛው ጥግ ላይ እጥፋት እንዳለው። ማጅራቱ ላይ የላላ ቆዳ፣ መዳፉን የሚያቋርጥ አንድ መስመር፣ ጎበጥ ያለች ትንሽ ጣት፣ በእግሩ አውራ ጣትና በጎረቤቷ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት። አንድ ጊዜ መዳፉ ላይ ያለውን መስመር ብቻ አይቼ ስደነግጥ የራሳቸውን ግራ እጅ ዘረጉልኝ። እንደዚያው አንድ መስመር ነበረው።

«እኔን ምን ልትዪኝ ነው?» አሉኝ። አንድ ምልክት ብቻውን ምንም እንዳልሆነ፣ ሲሰበሰቡ ግን ልብን ደጋግሞ ማዳመጥ፣ አጠባቡን መከታተልና አንጀት መዘጋቱን የሚያሳይ አረንጓዴ ትውከት እንዳይመጣ መጠበቅ እንዳለብኝ ያን ቀን ገባኝ።

ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ ሲወለድ ሲስተር አረጋሽ ቀድመው የሚነግሩት ለእናቲቱ ነው። ተቀምጠው፣ በልጁ ስም። ይጠባል፣ ያውቅሻል፣ ይስቅልሻል፤ ከእኩዮቹ ዘግይቶ ይቀመጣል፣ ዘግይቶ ይሄዳል፣ ትምህርቱም ይከብደዋል፤ ልቡን ሐኪም ሊያይልን ይገባል። እናቲቱ እንድታለቅስ ጊዜ ይሰጧታል። ባልየው የሚገባው እሷ ስትፈቅድ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ግን አይዋሹኝም ነበር።

«ትርፍ ክሮሞዞም ይሉታል። ከዚያ በላይ እኔም አልተማርኩም፤ ስታውቂ ንገሪኝ» አሉኝ።

አወቅኩ፤ ወይም ያወቅኩ መሰለኝ። አንድ መጽሐፍ አግኝቼ ምዕራፉን ደጋግሜ አነበብኩ። ያን ሰሞን ሲስተር አረጋሽ ፈቃድ ወጥተው መንዝ ነበሩ። ከቀወት አንዲት ሰዓዳ የምትባል እናት መጣች። ወደ አርባው የተጠጋች፣ ብዙ ልጆች የወለደች፣ ምጡን ያለ ጩኸት የጨረሰች ጠንካራ ሴት ናት። ወንድ ልጅ ወለደች። መዳፌ ላይ ሳስተኛው ተንጠለጠለ። የቀሩትም ምልክቶች አንድ በአንድ ነበሩ።

ባልየውና ታላቅ ወንድሙ ወዲያው ገቡ፤ ልጁ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ወንድምየው ምክንያቱ ምንድን ነው አለ። እኔም ለአዲስ ተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው ቆሜ፣ ፊቴን ወደ ሁለቱ ወንዶች አዙሬ፣ ብዙ ጊዜ ከእናት ዕድሜ ጋር እንደሚያያዝ፣ የሴት እንቁላል ሲቆይ ክሮሞዞሞቹ በትክክል እንደማይለያዩ አስረዳሁ።

«እንግዲያው ከእሷ ነው» አለ ወንድምየው።

«አዎ፣ ግን…» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን የሰማኝ የለም።

ልጁ ኢብራሂም ተባለ። መሄድ ሳይጀምር ሰዓዳ ተፈታች። ባልየው ወጣት ሴት አገባ። ወሬው ሲደርሰኝ የአካባቢውን ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሻይ አቀረበልኝ፣ እስክጨርስ ሰማኝ። በወጣት እናትም ሊሆን እንደሚችል፣ ከአባትም በኩል ሊመጣ እንደሚችል፣ እሷ ያደረገችው አንዳችም ነገር እንደሌለ ነግሬ እንዲመልሳት ለመንኩት። ሲመልስልኝ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሲስተር፣ ከእሷ ነው ያልሽን አንቺው ነሽ» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ እናት በእጄ ላይ ስትደማ አይቻለሁ፣ ሳይተነፍስ የተወለደ ልጅ አፍ ለአፍ ተንፍሼለት አልመለስ ብሎኛል። ከእነዚያ ሁሉ ይበልጥ የከበደኝ ከዚያ ቤት ወጥቼ ወደ አስፋልቱ የተመለስኩበት መንገድ ነው። በእጄ የሠራሁት አንድም ስህተት አልነበረም። ልጁ ጤናው ጥሩ ነበር፤ ልቡ ደህና ነበር። ቤቱን ያፈረሰው እውነተኛ ነገር ነው፣ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።

ሲስተር አረጋሽ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም።

«የተናገርሽው ልክ ነው። ለማን ነው የተናገርሽው?» አሉኝ።

ሰዓዳ አስፋልቱ ዳር ባለችው በጀውሃ ከተማ እህቷ ምግብ ቤት ሥራ ገባች። ለክትባት ዘመቻ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እጠይቃት ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ሻይ አስቀምጣልኝ ከፊቴ ተቀመጠች፤ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር በእጇ ምልክት አስቆመችኝ። ውሸት እንዳልተናገርኩ ታውቃለች፤ ያቆሰላት ሌላ ነገር ነበር። «ስለ እኔ ስታወሪ እኔ እዚያው አልጋ ላይ ነበርኩ፤ አንድም ጊዜ ዞረሽ አላየሽኝም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆንን። ኢብራሂም አድጓል። ዛሬ ጠረጴዛ ይጠርጋል፣ ብርጭቆ ያነሳል፤ የከባድ መኪና ሾፌሮቹን በየስማቸው እየጠራ ያስተናግዳል፤ እሱን ሳያገኙ ምሳ የማይበሉ አሉ።

ሰዓዳ ከወለደች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሥልጠና አዲስ አበባ ተላክሁ። ሌሎቹ ሠልጣኞች ምሳ ሲወጡ እኔ አስተማሪያችንን ይዤ እቀር ነበር። ትዕግሥተኛ ዶክተር ነበረች። አንድ ቀን የክሮሞዞም ፎቶግራፍ አሳየችኝ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው በቁመት ተደርድረዋል፣ እንደ አጫጭር የክር ቁራጮች። ሃያ አንደኛው ጥንድ ላይ ስትደርስ ሁለት መሆን ሲገባቸው ሦስት ነበሩ። ያ ትንሽ ቁራጭ ለአንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ነገር ማድረጉ አስገረመኝ።

መቼ ነው የሚበላሸው ብዬ ጠየቅኳት። ያስረዳችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የሴት ልጅ እንቁላሎች የሚሠሩት እሷ ገና በእናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው። በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ጥንዶቹ ተያይዘው መለያየት ይጀምሩና መሃል ላይ ያቆማሉ። ልጅቷ ተወልዳ፣ አድጋ፣ እንቁላሉ ተራው ደርሶ እስኪወጣ ድረስ እንደተያያዙ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዱ ጥቂት ዓመት፣ አንዳንዱ አርባ ዓመት። መለያያቸው ሲደርስ የያዛቸው ነገር ከብዙ መጠበቅ የተነሳ ልል ይሆናል፣ አንዱ ጥንድ ሳይለያይ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። እንቁላሉ አንድ ትርፍ ይዞ ይወጣል፣ ወይም አንድ ጎድሎት። በወጣቶችም ይደርሳል፤ በወንድ ዘር ላይም ይደርሳል። የተበላ ምግብ፣ የተሸከሙት እንስራ፣ የተጣሉት ጎረቤት፣ ያስደነገጠ ነገር አያመጣውም፤ የሚያስቀረውም አይታወቅም። ከእነዚህ ፅንሶች ደግሞ አብዛኞቹ ሳይቆዩ ይወርዳሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጨነግፈው ፅንስ ብዙው ምክንያቱ ይኸው የቁጥር መዛባት ነው።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ስለ ሰዓዳ ነበር የማስበው። ኢብራሂም የሆነው እንቁላል የተሠራው ሰዓዳ ራሷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነበር። ለባልየው ይህን ነግሬው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን ማን ላይ ይጥል ነበር?

እንዴት አድርጌ ነው ይህን ለገበሬ ቤት የምነግረው የሚለው ብዙ አደከመኝ። ሥዕል ሞከርኩ፤ ሥዕሉ ትል መሰላቸው። በመጨረሻ ያገኘሁት ከገዛ እጄ ነው። ሁለት እጆቼን ጣት ለጣት አጋጥማለሁ፤ እነዚህ ጥንዶች ናቸው፣ አንዱ ከአባትሽ አንዱ ከእናትሽ እላለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ አለያያለሁ፤ እያንዳንዱ እጅ አምስት አምስት ጣት ይዞ ይሄዳል። እንደገና አጋጥሜ ሳለያያቸው ግን፣ የእኔ ጣት ከእጄ ስለማይነቀል በእሱ ፋንታ የእናቲቱን ትንሽ ጣት እይዝና ከአንደኛው እጄ ጋር አስጠግቼ አስቀራታለሁ። «ይኸው፣ ይቺ ሳትለይ ቀረች። ማን አዘዛት?» ስላት «ማንም» ትለኛለች። ራሷ ካለችው በኋላ እኔ መጨመር የለብኝም። ይህን ዘዴ ለሲስተር አረጋሽ፣ ያኔ ጡረታ ወጥተው ስለነበር፣ በስልክ ነገርኳቸው። ስልኩን አስቀምጠው በእጃቸው ሞከሩት መሰለኝ። «እስኪ ድገሚልኝ» አሉ። ኩራት ከተባለ ያን ቀን የተሰማኝ ነው።

ፅንስ የሚወርድባቸው ሴቶች ይበልጥ የጠቀማቸው ይመስለኛል። ሸክም አንስቼ ነው፣ ጂን ነክቶኝ ነው፣ ባሌን አስቀይሜ ነው እያሉ የሚመጡ ሴቶች እጄን አይተው ሲወጡ ትከሻቸው ቀና ሲል አይ ነበር። አንድ ኃላፊ ነበረን፣ ለቀለምና ለመጋረጃ የሚጨነቅ፤ አንዲት እናት ላይ ይህን ያህል ሰዓት ታጠፊያለሽ እያለ ይነጫነጭ ነበር። አንድ ቀን የገዛ ባለቤቱን ይዞልኝ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሰዓት አላነሳም።

ጀማልና ሐዋ የመጡት ወደ አገልግሎቴ ማብቂያ ላይ ነው። ጀማል በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ዝምተኛ ወጣት ገበሬ ነው። ሚስቱ ሐዋ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ማን ልበላት ስላት ረህመት አለችኝ። መዳፌ ላይ ሳስተኛት ተንጠለጠለች። በርጩማዬን ስቤ ተቀመጥኩና ለሐዋ ነገርኳት፤ እጇን ይዤ ጥንዶቹን አሳየኋት። አለቀሰች፣ ከዚያ ልጇን አጠባች። የረህመት ልብ ላይ የሰማሁት ድምፅ ስላላማረኝ ከሐኪም ጋር ተያይዛ ክትትል ጀመረች፤ ልቧ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ትንሽ ስለነበር ከጊዜ በኋላ ራሱ ተዘጋ።

ቤታቸው ውስጥ የነበረው ነገር ግን በራሱ የሚዘጋ አልነበረም። የጀማል እናት እትዬ መዲና በአካባቢው የሚፈሩ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚናገር ወንድ ብዙ የለም። ሐዋ በክፉ ሰዓት ወንዝ ተሻግራ ተነክታለች አሉ። ከዚህ በፊትም የወረደባት በዚያው ነው፣ ቤተሰቧ ጋ ትሂድ፣ ጀማል ሌላ ያገባል አሉ። ሐዋ ለክትባት ስትመጣ ይህን ነገረችኝ፤ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ሊቀመጡ ቀን ተቆርጧል።

«ወርዶብሽ ነበር ማለት ነው?» አልኳት።

ከረህመት በፊት ሁለቴ ወርዶባታል። ይህ ነገር ከንክኖኝ ጀማልን ብቻውን አነጋገርኩት። የታላቅ ወንድሙም ሚስት በተደጋጋሚ ይወርድባት እንደነበር ነገረኝ። አዲስ አበባ ያለችው ዶክተር ያስተማረችኝ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አልፎ አልፎ ትርፉ የሚመጣው ጥንዶች ሳይለያዩ ቀርተው ሳይሆን ሃያ አንደኛው ክሮሞዞም ከሌላ ክሮሞዞም ጋር ተጣብቆ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ነው። ተሸካሚው ወላጅ ጤነኛ ነው፣ ምንም አይታወቀውም። የሐዋ ዕድሜ፣ የወረዱት ፅንሶች፣ የወንድሙ ሚስት፤ ሁሉም ወደዚያ አመለከተኝ።

ደማቸው እንዲመረመር አዲስ አበባ እንዲልካቸው ስጠይቀው በጊዜው የነበረው ሐኪማችን «ልጅቷ ላይ የሚለውጠው ነገር አለ?» አለኝ። ልጅቷ ላይ የሚለውጠው እንደሌለ፣ ከእሷ በኋላ ለሚወልዱትና ቤታቸውን ሊያፈርሱ ለተቀመጡት ሰዎች ግን ብዙ እንደሚለውጥ ነገርኩት። የመላኪያ ወረቀት ጽፎ ላካቸው። ጀማል ለሽማግሌዎቹ ቀኑን እንዲያራዝሙለት ለምኖ ሚስቱንና ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ወጣ። የሦስቱም ደም ተወሰደ።

ውጤቱ ሲመጣ ወደ እኔ ነበር የመጡት። «ሐኪሙ ነግሮናል፣ ደህና አድርጎ ግን አልገባንም» አለ ጀማል። የሐዋ ክሮሞዞሞች ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። የተጣበቀው ያለው ጀማል ላይ ነው። የእጄን ትንሽ ጣትና የቀለበት ጣቴን በፋሻ አንድ ላይ አሰርኩ። ይህ እጅ የጎደለው ጣት የለም፣ ሥራ ይሠራል፤ ለልጅ ሲያካፍል ብቻ ነው የታሰሩት አንድ ላይ ልሂድ የሚሉት አልኩት። ፋሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«እኔ ጎዶሎ ነኝ ማለት ነው?»

«ሙሉ ነህ። እስከ ዛሬ አሞህ ያውቃል?»

«አያውቅም።» ወደ ሐዋ ዞረ። «ይህን ሁሉ ጊዜ እሷ ብቻዋን ስትሸከመው ነበር እንግዲህ» አለ።

ይህ የራሱ ጉዳይ እንደሆነ፣ ለማንም የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ እኔም እንደማልናገር ነገርኩት። ሐዋ አንገቷን ደፍታ ነበር። እሷም ባይናገር እንደማትቀየመው ነገረችው።

«እናገራለሁ። አንቱ ብቻ ይምጡልኝ፣ ያልገባቸውን ያስረዱልኛል» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። የሐዋ ሁለት ወንድሞች ፊታቸውን አጥቁረው መጥተዋል፤ እህታቸውን ይዘው ለመሄድ ተዘጋጅተዋል። እትዬ መዲና ከሁሉም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሐዋ ረህመትን አቅፋ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ዱዓ ተደርጎ እንዳበቃ ጀማል ከመጀመሪያው ሽማግሌ በፊት ፈቃድ ጠይቆ ተነሳ።

«በሐዋ ላይ የሚባለው ይቁም። ደማችንን ተመርምረናል። ነገሩ ያለው እኔ ደም ውስጥ ነው፤ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ነበር። እኔም አላውቅም ነበር፣ እሷም አታውቅም ነበር። የሚሄድ ሰው ካለ እኔ ነኝ» አለ።

ከሐዋ ወንድሞች ታላቁ ቀስ ብሎ ከተቀመጠበት ወደ ኋላ ተደገፈ። አንድ ሽበታም ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩና «ሲስተር፣ እንግዲህ ጥፋቱ የጀማል ነው?» አሉ።

ሰዓዳ አልጋ ላይ ሆና ያላየኋት ቀን መጣብኝ። በዚህ ጊዜ ጀማልን እያየሁ ነው የመለስኩት። ምክንያት አለው፣ ጥፋተኛ ግን የለውም አልኩ። እጄን አሳየኋቸው። ጀማልም ይህን ሳይጠይቅ ነው ያገኘው፣ የዓይኑን ቀለም እንዳገኘው፣ ከወለዱት ሰዎች ሊሆን ይችላል አልኩ። የአላህ ቀደር ነው፣ እሱ የወሰነው አሉ ሽማግሌው፤ እኔም እሱን ለእናንተ እተዋለሁ፣ የእኔ ሥራ ሰው እንዳይወቀስበት ነው አልኳቸው። ሳቅ አሉ።

እትዬ መዲና አልሳቁም።

«ከወለዱት ስትዪ፣ ከእኔ ወይም ከአባቱ ነው?» አሉኝ።

«ሊሆን ይችላል፣ እትዬ።»

ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው መሬት መሬት እያዩ መናገር ጀመሩ። በታላቁ ልጃቸውና በጀማል መካከል ስንት እንደወረደባቸው ቁጥሩን ትተውታል። አንዲት ሴት ልጅ ግን ተወልዳላቸው ነበር፤ ፋጡማ ትባላለች። አንገቷን ሳታቀና፣ ሳትዳህ፣ ጡት መሳብ እያቃታት ሞተች። የባላቸው እናት እርጉም ማህፀን ብለው ከቤት አስወጥተዋቸው አንድ ክረምት አባታቸው ቤት ከርመዋል፤ ሽማግሌ ነው የመለሳቸው። ይህን ልጆቻቸው አያውቁም ነበር። ጀማል እናቱን እንደ አዲስ ሰው ያያቸው ነበር።

ከዚያ ተነሱ። ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሄደው ሐዋ ፊት ቆሙና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሐዋ ለቅጽበት አመነታች፤ ልጇን አጥብቃ ይዛ ነበር። ከዚያ ሰጠቻቸው። እትዬ መዲና ረህመትን እንደ ሸክም ሳይሆን እንደ ጨቅላ ደረታቸው ላይ አስጠግተው የዓይኗን ጥግ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«የእሷም እንዲሁ ነበር» አሉ።

በዚያን ቀን ስለ ፍቺ የተናገረ የለም። ሽማግሌዎቹ ምሳ በልተው ሄዱ፣ የሐዋ ወንድሞችም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ረህመት ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ሄደች፤ አሁን አያቷን ተከትላ ገበያ ትወጣለች፣ ሰው ሁሉ ይስማታል። ሐዋ እንደገና ስታረግዝ አስቀድሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ተሸካሚው አባት ሲሆን የመደገሙ ዕድል አነስተኛ እንደሆነ፣ የለም ግን እንደማይባል፣ ፅንሱንም አዲስ አበባ ማስመርመር እንደሚቻል። እነሱ ተመካክረው መጠበቅን መረጡ። እነዚያን ወራት ከሐዋ ይልቅ እኔ ሳልጨነቅ አልቀረሁም።

ምጧ የመጣው ጠዋት፣ እኔ ተረኛ ሆኜ ነው። እትዬ መዲና ረህመትን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከክፍሉ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነገሩ የመጣው ከእሳቸው ይሁን ከሟቹ ባላቸው ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ግን በበሩ ሳልፍ እጄን ያዙኝ። የእሳቸው ደም ቢመረመር ይታወቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሊታወቅ ይችላል፣ ከፈለጉ እልክዎታለሁ አልኳቸው።

«ከባለቤቴ ከሆነ ሙት መውቀስ ነው። ከእኔ ከሆነ ደግሞ እናታቸው እውነት ነበራቸው ሊባል ነው። ይቅር» አሉ።

«እናታቸው በየትኛውም በኩል ቢሆን እውነት አልነበራቸውም» አልኳቸው።

እጄን አልለቀቁም። ዓይናቸው ሲሞላ አየሁ፣ ግን አላለቀሱም። ከውስጥ ሲጠሩኝ ነው የለቀቁኝ።

ወንድ ልጅ ነበር። መዳፌ ላይ በሆዱ ሳስተኛው እጅና እግሩን ሰብስቦ አንገቱን ለማንሳት ታገለ፤ አቅፌው ቆምኩ። ከራስ ቅሉ እስከ ተረከዙ አየሁት፤ ልቡን ደጋግሜ አዳመጥኩ። ሐዋ ፊቴን ብቻ ነበር የምታየው። ደህና ነው አልኳት። ከዚያ እትዬ መዲናን አስገባኋቸው፤ እሳቸው ግን ደህና ነው ሲባል አልበቃቸውም።

«እንደ አባቱ ተሸክሞት እንደሆነስ?»

ከላይ ሲታይ እንደማይታወቅ፣ ሲያድግ ሲያሻው ደሙን አስመርምሮ ማወቅ እንደሚችል ነገርኳቸው። ሕፃኑን ተቀብለው ለአራስ ጆሮው ላይ የሚባለውን አዛን፣ የጸሎት ጥሪውን፣ በቀስታ አሉ። ከዚያ ሐዋን እያዩ ተናገሩ።

«እኔ በሕይወት ካለሁ ሲያድግ የሚያገባትን ልጅ ከኒካሑ ቃል ኪዳን በፊት ራሴ አጠገቤ አስቀምጬ እነግራታለሁ። ቢወርድባት፣ እንደ ረህመትም ብትወልድ፣ እዚህ ቤት ውስጥ ቀና ብላ ነው የምትገባው።»